«ቤቶች?» ያለው ላፕቶፕ

ያን ቀን ከቤቴ ያስወጣሁት ማንን ነው?

መልሱን አላውቅም። ግን ሆኗል። አሮጊት ቃዠች የሚል ይበል፤ የሆነውን ከመናገር የሚያግደኝ የለም። ቤቱን ሽጪና ውጪ ይሉኛል። አልሸጥም! በሬንም፣ ዶፍ ቢወርድ፣ አልዘጋም።

ሐምሌ ነበር፣ እዚሁ መቱ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራት ሄዷል። ቤት ያለነው እኔና የልጅ ልጄ እፀገነት ብቻ ነን።

ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ፓይተን የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ትለማመዳለች። ላፕቶፗ በባትሪ ይሠራል።

«አኮ፣ ነይ እዪልኝ!»

ከጎረቤት የኦሮሞ ልጆች ጋር ስላደገች አያቷን አኮ ነው የምትለኝ። በሌላ ጠርታኝ አታውቅም።

«ይሄ ዋይል ይባላል። መልስ እስኪያገኝ እየደጋገመ ይጠይቃል።»

ስክሪኑ ላይ «ቤቶች?» ይላል፤ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ።

«አቤት ብዬ ስጽፍለት "ግቡ" ይልና ያቆማል። አለቀ።»

«ማን እንደጠራሽ ሳታዪ አቤት አይባልም!»

«አኮ ደግሞ! ኮምፒውተር እኮ ነው። በሌሊት ሰው የሚጠራ ጅብ መሰለሽ?»

ሳቀች። ጻፈች።

አቤት።

ግቡ።

...የጓዳው መጋረጃ ተነቃነቀ። መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ማቆም ነበረበት። አላቆመም። አንድ መስመር ጨመረ...

ገብተናል።

«ይሄንንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አይደለሁም...» ድምጿ ቀጠነ። «ቆይ፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ሲጫኑ ፕሮግራም ይቆማል።»

ተጫነች። ደግማ ተጫነች።

ገብተናል። ገብተናል። ገብተናል።

«ስልኬን ላምጣ፤ ጓደኛዬን ልጠይቃት።»

«ጓዳ አትግቢ!» አልኩ።

ገብታለች።

ወዲያው ተመለሰች። ስልክ አልያዘችም። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይቀዘቅዛል...

«እማማ፣ ምን ልጻፍለት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እማማ?

ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። ደሜ ፈልቷል። ልጄን በገዛ ቤቴ ማን ነው የሚያስፈራራት?

ብድግ አልኩ።

«ጻፊ! ይሄ ቤት የኔ ነው። የማስገባም የማስወጣም እኔ ነኝ። ከቤቴ ውጡልኝ በይው!»

ፈገግ አለች። ፊደሉን ሳታይ ጻፈችው።

ከቤቴ ውጡልኝ።

ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ጠፋ። ያቺ ቃል ብቻ ቀረች። እፎይ ልል ስል...

መጋረጃው ተገለጠ።

እፀገነት ከጓዳ ወጣች። ስልኳ በእጇ።

ስክሪኑን አነበበች። አጠገቤ የተቀመጠችውን አየች። ከዚያ እኔን... ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እፀገነት!» ብዬ ጮህኩ።

«አቤት» አለች፣ እጄን የያዘችው።

ከጓዳ የወጣችው አንገቷን ደፍታ በባዶ እግሯ ወደ ዝናቡ ወጣች።