ቧንቧ ጠጋኝ የተባለው ሰው

ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መካከል ቀጥ ብሎ ሲቆም መነጽር ሠሪዋ ከቤት የወጣችው ዘግይታ ነበር። መጀመሪያ ቁልፎቹን ሁሉ ተጫነች። ቀጥላ በሩን በክርኗ ደበደበችው። በመጨረሻ ሰው አገር መኖር የሰጣትን አንድ ትልቅ ጥቅም ተጠቀመችበት፤ የሚሰማኝ የለም ብላ በራሷ ቋንቋ እንደ ልቧ ተሳደበች።

«አንተ ቁም ሣጥን! የቁም ሣጥን ልጅ! ምነው መውደቂያህን ባየሁት!... ቆይ፣ አሁን አይደለም፣ መጀመሪያ እኔ ልውረድ!»

ከበሩ ማዶ የወንድ ድምፅ መለሰላት፤ በራሷ ቋንቋ።

«እህቴ፣ ቁም ሣጥኑ ይቅርታ ጠይቋል። አባቱን ግን ባትነኪበት ጥሩ ነበር።»

ክው አለች። በአውቶቡስም፣ በገበያም፣ በአለቃዋ ፊት ሳይቀር ያሻትን ስትናገር ኖራለች። አንድም ቀን የሚሰማት ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

«ማነህ አንተ?»

«ሊፍት ጠጋኙ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማው?»

«ከመጀመሪያው። የማላውቀው ስድብ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ሁለት አዲስ ተማርኩ።»

«ታዲያ አትከፍትም? ምን ትጠብቃለህ?»

«የአገሬ ሰው ሲቆጣ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ትንሽ ልስማ ብዬ ነው...»

በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። ከዚያ ግራሶ የጠጣ ቱታ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን የዘረጋ፣ ሳቁን መያዝ ያቃተው ፊት። ስቦ አወጣት። ግራሶው ወደ መዳፏ ተሻገረ።

«አቆሸሽኩሽ፣ ይቅርታ።»

«ግድ የለም፤ እኔም ሰድቤሃለሁ።»

«ሊፍቱን እንጂ እኔን መች ሰደብሽኝ?»

«በልቤ።»

በሳምንቱ መነጽር ቤቷ መጣ። ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ፊደሎቹን አስነበበችው። የመጨረሻዋን፣ የጉንዳን እግር የምታህለውን መስመር ሳይቀር አነበበ።

«አንተ ሰው፣ ዓይንህ እንደ ንስር ነው። ምን ልሁን ብለህ መጣህ?»

«ይሄንኑ እንድትነግሪኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ በኋላ አብረው ይሄዳሉ፤ እየሄዱ ይከራከራሉ። የክርክራቸው ርዕስ ሁሌም አንድ ነው፤ ሰው አገር መኖር ይሻላል ወይስ አይሻልም?

«አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል» ትላለች። «ደመወዜ ይበቃኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ፣ መቼ ነው የምታገቢው የሚለኝ የለም። አገር ቤት እኮ ባስነጥስ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል!»

«እኔ ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ነበር» ይላል እሱ። «ራሴ አስነጥሼ ራሴ ‹ይማርህ› ስል ሰነበትኩ።»

«ሰውየው፣ ያ እኮ ነፃነት ነው!»

«ነፃነት ሾርባ አያመጣም።»

ትስቃለች። አንድም ቀን ግን ተረትታ አታውቅም።

አንድ እሑድ እሷ ቤት ምሳ ሊሠሩ ተገናኙ። እሱ ሽርጧን ታጥቆ፣ በሩ በተከፈተ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋል፤ እሷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ካሳደገቻት አክስቷ ጋር በምስል እያወራች ነው። አክስቷ ጥሩ ሴት ናት። ጥዋት የሰማችውን ግን ከሰዓት በኋላ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ መነጽር ሠሪዋ ስለ እሱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ሽንኩርቱ አስነጠሰው።

«ይማርህ! ማነው እሱ?» አለች አክስት፣ አንገቷን ስክሪኑ ውስጥ ልታስገባ ምንም አልቀራትም።

«ያኑርዎት፣ እናቴ!» አለ እሱ ከወጥ ቤት፣ አፉ ቀድሞት።

«የአገራችን ልጅ ነው እንዴ?»

«ቧንቧ ጠጋኝ ነው፣ እትዬ» አለች መነጽር ሠሪዋ ሳታስብ።

«በእሑድ ምድር?»

«ቧንቧ እሑድ መቼ ያውቃል!»

አክስት ወደ ወጥ ቤቱ አሻግራ አየች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «በል ልጄ፣ ደህና አድርገህ ጥገንላት። ብቻዋን ናት፤ ማንም የላትም» አለች።

ይህን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር። መነጽር ሠሪዋ አልተናገረችም።

«እሺ፣ እናቴ» አለ እሱ።

ስልኩ ሲዘጋ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ቧንቧ ጠጋኝ?»

«ምን ልበላት? አክስቴን አታውቃትም! ለሷ መንገር በድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው።»

«ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እህቶቼ ያውቁሻል። የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ ‹ያቺ ተሳዳቢ ደህና ናት?› ይላል።»

«ማን ንገር አለህ?»

ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ቃል ግን እንደ ሊፍት አይደለም፤ አንዴ ከወረደ አይወጣም።

እጁን ታጠበ፤ ቀስ ብሎ አደረቀ።

«ኩባንያው ሌላ ከተማ የኃላፊነት ቦታ ሰጥቶኛል። አንቺን ትቼ አልሄድም ብዬ እምቢ ልል ነበር። አርብ ነው መልስ የምሰጠው።»

«እና?»

«እናማ... ማንም የላትም ስትባዪ ዝም አልሽ።»

ወጣ። ደረጃው ላይ ሆና፣ «ሽንኩርቱስ?» ብላ ጮኸችበት።

ሰኞ ዓይኗ አብጦ ሥራ ገባች። ባልደረቦቿ ጨዋዎች ናቸው፤ አዩዋት፣ በትሕትና ፊታቸውን አዞሩ። ማክሰኞ የአንድን ሽማግሌ መነጽር ለአንዲት ወጣት ሰጠች፤ ይቅርታ ጠይቀው ተለዋወጡ። ምን ሆነሽ ያላት የለም። ባሕር ተሻግራ የመጣችበት ነፃነት ይኸው ሙሉ በሙሉ በእጇ ነው፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ አክስቷ ደወለች።

«ያ ቧንቧ ጠጋኝ ደህና ነው?» አለች አክስት ገና ሰላም ሳትባል።

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሽርጥሽን ታጥቆ ሽንኩርት የሚከትፍ ቧንቧ ጠጋኝ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅማ!»

«እትዬ! እያወቅሽ ነው?»

«እያወቅሁ ነው። እስክትነግሪኝ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ለማንም! ከአጎትሽ በቀር። ከጎረቤቶቼም በቀር።»

«ታዲያ ማንም የላትም ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ልጁ ምን እንደሚል ልይ ብዬ ነው። እሱ ፈተናውን አልፏል። የወደቅሽው አንቺ ነሽ፣ የኔ እመቤት።»

አርብ ጥዋት አንድ ትልቅ ክሊኒክ ውስጥ እየሠራ መሆኑን ከኩባንያው ጠይቃ አወቀች። ሊፍቱ ለጥገና ተከፍቷል፤ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ሕመምተኞች ቁጭ ብለው ተራ በሚጠብቁበት ኮሪደር ጫፍ፣ ወገቡን በቀበቶ ታስሮ ሽቦ ይፈትሻል።

«መልስ ሰጠህ?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ገና ነኝ። ምን ልትሠሪ...»

«ዝም በል!» ስልኳን ወደ ፊቱ ዘረጋች፤ አክስቷ ነጭ ነጠላዋን አሳምራ ስክሪኑን ሞልታለች። «እትዬ፣ ይኸውልሽ። ቧንቧ መጠገን አይችልም። ሊፍት ጠጋኝ ነው። የምወደው ሰው ነው። ዋሽቼሻለሁ፣ እሱንም አስቀይሜዋለሁ።»

ዞረች። የሚጠብቁት ሰዎች ምንም አልገባቸውም። እናም ቃል በቃል በአገሬው ቋንቋ ደገመችላቸው። እግሯ በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት አሮጊት አጨበጨበች፤ አጠገቧ ያለው ሰውዬ፣ «ሊፍቱስ ይሠራል?» አለ።

«ይሠራል!» አለችው በቁጣ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ቦታውን ተቀበል። እኔም እመጣለሁ። ሰው ዓይኑ የማይደክምበት ከተማ የለም።»

«የምርሽን ነው?»

«ትንፋሼ ተቆርጦ ስቀልድ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሳትጋቡ?!» አለች አክስት ከስልኩ ውስጥ። «ሰማችሁ ወይ ጎበዝ! ሳትጋቡ አንድ ቤት?»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ለካ ጎረቤቱ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ነው።

«እንጋባለን፣ እናቴ» አለ እሱ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች መነጽር ሠሪዋ።

ቀበቶውን ፈታ። ግራሶውን በቱታው ላይ ጠረገ፤ አልጠፋም። እንዲያው እንዳለ እጇን ያዛት።

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ! አዎ አልኩህ!»

ከስልኩ የፈነዳው እልልታ ነርሷን ከክፍሏ አስወጣት።

አዲሱ ከተማ ውስጥ ያገኙት ቤት ትንሽ ነው፤ መስኮቱ ግን ሰፊ ነው። እሱ ኃላፊ ሆኗል፤ እሷ ሥራ ለማግኘት ወራት ፈጅቶባታል፤ አሁን አግኝታለች። ስልኳ አያርፍም። አጎት ይደውላል፤ ጎረቤት ይደውላል፤ ስሟን የማታውቃት የሩቅ ዘመድ፣ «ልጅስ መቼ ነው?» ትላለች።

«ከዚህ ነበር የሸሸሁት!» አለች አንድ ቀን ስልኩን ትራስ ላይ ወርውራ።

«አታንሺዋ!»

«አታውቃቸውም። ሁለት ቀን ዝም ካልኳቸው አክስቴ ቪዛ ትጠይቃለች።»

«ትምጣ።»

መነጽር ሠሪዋ ጠባቧን ክፍል በዓይኗ ለካች፤ ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነው?» አለ።

«አልጋ ልገዛ ነዋ! እትዬ የት ልትተኛ ነው፣ ወለል ላይ? ተነሣ እንጂ፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው!»