ጆሮ ዓይንን የቀደመ ዕለት

ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጦር ሜዳ በሆነበት ዘመን፤ ጦርነቱ በገባ በሁለተኛው ዓመት፤ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ በጠራበት ወር፤ ግንብ በከበባት በአንዲት ከተማ፣ በእህል ጎተራው ማማ ላይ አንድ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይነታረኩ ነበር። ባልየው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ዕድሜ ልኩን በደቃቅ የሰዓት ጥርስ ላይ አፍጥጦ ዓይኑን ጨርሷል፤ ጆሮው ግን በዚያው ልክ ተስሎ፣ ደንበኛ ገና በር ላይ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰዓት መዘግየቱን ይለይ ነበር። ሚስትየው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ የመኪናው ጩኸት ጆሮዋን ደፍኖት የሰው ቃል የምታነበው ከከንፈር ነው፤ ዓይኗ ግን ከሺህ ማግ መካከል የተበጠሰችውን አንዲት ክር ነጥሎ ያወጣል። ሕዝቡ እሱን «ጆሮው»፤ እሷን «ዓይኒቱ» ይላቸዋል። የከተማይቱን ጦር የሚያዝዘው ሻለቃም ሁለቱን ማማ ላይ ያወጣቸው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ከሁለት ግማሽ ሰው አንድ ሙሉ ዘበኛ ይወጣል ብሎ አሰበ።

ሥራቸው አውሮፕላን ከሩቅ ማወቅ ነው። ከፊታቸው ሁለት ደወሎች ተሰቅለዋል፤ ትልቁ ሲመታ ጠላት ከምሥራቅ መጣ ማለት ነው፤ ሕዝቡ በምዕራቡ በር ወጥቶ የጡብ አፈር ከሚዛቅበት ጉድጓድ ይገባል፤ ትንሹ ሲመታ ጠላት ከምዕራብ መጣ ማለት ነው፤ ሕዝቡ በምሥራቁ በር ወጥቶ ጫካ ይገባል። ያን ጊዜ የመጠጥ ቤቱ ሁሉ ወሬ አውሮፕላን ከምን ያህል ርቀት ይሰማል፣ ከምን ያህልስ ይታያል የሚል ነበር፤ በዚህ ነገር ተደባድቦ ጥርሱን ያጣ ሰው አለ። እውነቱን ለሚወድ፣ ደመና በሆነ ቀን ጆሮ ይቀድማል፤ ሰማይ በጠራ ቀን ዓይን ይቀድማል፤ ነፋስ የዞረ እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም ይዋሻሉ። ግን በጦርነት ጊዜ እውነቱን የሚወድ ማን አለ!

«አንቺ ዓይንሽን ስታሺ እኔ ሰምቼ ጨርሻለሁ» ይላታል ባሏ እየሳቀ፤ ከንፈሩን እንድታነብ ወደ እሷ ዞሮ።

«ሰማሁ ሰማሁ ትላለህ፤ ባለፈው ሳምንት የሰማኸው የወፍጮ መኪና አልነበረም እንዴ?»

«እሱን ነፋሱ ነው ያሳሳተኝ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም?»

«አንቺ ከሰማሽው በቂ ነው!» ይልና ሁለቱም ይስቃሉ።

በክረምቱ ደመና ጆሮው ደጋግሞ ቀድሞ ከተማይቱን ስላተረፈ፣ ሻለቃው ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አወጣ፤ «ሁለቱ ያልተስማሙ እንደሆነ ጆሮ ይቅደም» አለ። ሕዝቡም ደስ አለው፤ በጆሮው ጆሮ መማል እስኪጀምር ድረስ አመነው። ዓይኒቱ በትእዛዙ ቅር ብትሰኝም ባሏ ነውና ኮራችበት። ሻለቃው ግን ዝናቡ ካባራ ወዲህ ለምሽግ የሚሆን ድንጋይ ከምሥራቁ ኮረብታ አስፈልጦ ነበር፤ ኮረብታው ተገምሶ ልሙጥ የድንጋይ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ያ ግድግዳ ድምፅን እንደ ኳስ የሚያነጥር መሆኑን ያወቀ፣ የጠረጠረም አልነበረም።

የባልና ሚስቱ አንድያ ልጅ አራስ ነበረች፤ ቤቷም ከምዕራቡ በር ጥግ ነው። ባሏ ግንባር ዘምቶ አልተመለሰም። አባቷ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር ምክሩ አንድ ነበር።

«ልጄ፣ ትልቁን ደወል የሰማሽ እንደሆነ ሕፃኑን አቅፈሽ ውጪ፤ ዞር ብለሽም አትዪ።»

«አንተ ከመታኸው እሳት ውስጥም እገባለሁ አባዬ» ትለው ነበር።

በዚያ ዕለት ረፋዱ ላይ ሻለቃው ማማውን ሊጎበኝ ወጣ። ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ጆሮው እጁን አነሣ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«መጡ! ከምሥራቅ ናቸው፤ ብዙ ናቸው።»

ዓይኒቱ ምሥራቁን ጠራርጋ አየችው፤ ምንም የለም፤ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ፊቷን ወደ ምዕራብ መለሰች፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ዝንብ የሚያህሉ ነጥቦች ብልጭ አሉ፤ ጠፉ፤ እንደገና ብልጭ አሉ።

«በምዕራብ ናቸው! ክቡር ሻለቃ፣ አየኋቸው፤ ተራራውን ታከው እየመጡ ነው!»

«አሞራ ይሆናል» አለ ባሏ፤ «እኔ በዚህ በኩል እየሰማሁ!»

«አሞራ ያበራል እንዴ? አፈር ስሆን ክቡር ሻለቃ፣ እርስዎም እኮ ዓይን አለዎት፤ ይመልከቱ!»

ሻለቃው ተመለከተ፤ የሱ ዓይን ተራራውን እንጂ ነጥቡን አላየም። ራሱ ያወጣው ትእዛዝም አለ፤ ሹም ደግሞ ከሞት ይልቅ ትእዛዙን ማጠፍ ይፈራል። «ጆሮ ይቅደም፤ ትልቁን ምታ!» አለ።

ጆሮው የብረቱን ዘንግ አንሥቶ ትልቁን ደወል መታው፤ በኃይል ደጋግሞ መታው። ከታች ከተማይቱ እንደተነካ የንብ ቀፎ ወጣች፤ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራቡ በር ጎረፈ። ዓይኒቱ ልጇን አየቻት፤ ቤቷ ከበሩ ጥግ ነውና ከሁሉ ቀድማ፣ ነጠላዋን ሳትደርብ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ሜዳው ስትወጣ አየቻት። ነጥቦቹ ክንፍ አውጥተዋል።

ዘላ የትንሹን ደወል ገመድ ያዘችና ጎተተችው።

«ልጄን ልትገድያት ነው!» ብሎ ባሏ ጮኸ፤ ከልቡ ነው የጮኸው፤ ሕዝቡን ወደ ጠላት እየመለሰች መስሎታል። በያዘው ዘንግ ትከሻዋን መታት፤ አለቀቀችም፤ ክንዷን መታት፤ አጥንቱ ሲሰበር እሱም ሰማው፤ አለቀቀችም። ሻለቃው በሽጉጡ ሰደፍ ግንባሯን ፈነከታት፤ ደሙ ያንን ዓይኗን ሸፈነው፤ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ትንሹን ደወል ደወለችው።

ያን ጊዜ አውሮፕላኖቹ ተራራውን ዘለው ወጡ፤ ድምፃቸውም በቀጥታ መጣ። ዘንጉ ከጆሮው እጅ ወደቀ። ከምዕራብ ነበሩ፤ እስከዚያ የሰማው የድንጋዩን ግድግዳ መልስ ነበር።

የሆነው ይህ ነው፤ ትንሹን ደወል ሰምቶ የተመለሰው ወደ ምሥራቁ በር ሮጦ ተረፈ፤ የሚወጣውና የሚመለሰው በተገናኙበት በዋናው መንገድ ላይ ግን ሰው ሰውን ረገጠው፤ ሽማግሌና ሕፃን ከእግር በታች ቀረ። ቀድሞ ሜዳው ላይ የወጣውን ቦምቡ አገኘው፤ ከጡብ አፈር ጋር ቀላቀለው፤ ከቦምቡ ያመለጠውን መትረየስ ለቀመው። ዓይኒቱ ደሟን በክንዷ ጠርጋ ይህን ሁሉ አየች፤ ልጇ በግንባሯ ስትደፋና ሳትነሣ ስትቀር አየች።

ባሏ በዳበሳ መጥቶ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከንፈሩን ወደ ዓይኗ አስጠግቶ፣ «ልጃችንስ? በሞቴ፣ ምን ይታይሻል?» አላት።

ክንዷን የሰበረው እሱ ነው፤ ልጇን ሜዳ ላይ ያወጣትም እሱ ነው። ፊቱን ግን አየችው፤ አሳዘናት።

«ምንም አይታየኝም» አለችው።

አውሮፕላኖቹ ሲሄዱ ሕዝቡ ማማውን ወጣ፤ ፊት የቀደመው ሚስቱ የተረገጠችበት ጡብ ሠሪ ነበር። «ሁለተኛውን ደወል ማነው የመታው? መንገድ ላይ ያጋጨን ማነው?» እያለ ያጓራል። ሻለቃው ሕዝቡን አየ፤ ሽጉጡን አየ፤ ሽጉጡ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም።

«ይቺ ደንቆሮ ናት» አለ፤ «አሁን እንኳን ምንም አይታየኝም ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ውሸት ነው!» አለ ጆሮው፤ በሕዝቡ መካከል ተንበረከከ። «ያጠፋሁ እኔ ነኝ! ከምሥራቅ ናቸው ያልኩ እኔ ነኝ፤ እሷ አይታለች፤ ትክክሉን የመታች እሷ ናት! እኔን ግደሉ፤ የአምላክ ያለህ፣ እኔን!»

ጡብ ሠሪው ልቡ ተነካ፤ እንባ በዓይኑ ሞላ፤ ሽማግሌውንም ከመሬት አነሣው። «አይ ጆሮው! ያንተ ጆሮ መቼ ስቶ ያውቃል? ለሚስትህ ብለህ ነው፤ እናውቃለን» አለውና ዞሮ ዓይኒቱን በቀሚሷ ያዛት። ሌሎችም ያዟት። ምን እንደሚባል አልሰማችም፤ የብዙ ሰው ከንፈር በአንድ ጊዜ አይነበብም። ከማማው ወረወሯት፤ ያም አልበቃቸው ብሎ ከታች የነበሩት በጡብ ወገሯት።

ሕፃኑ ከእናቱ ሬሳ ሥር ሕያው ሆኖ ተገኘ፤ አያቱም በምጽዋት ወተት አሳደገው። ጆሮው ብዙ ዘመን ኖረ፤ በገበያ፣ በለቅሶ፣ በዳኛ ፊት ሳይቀር «ልጄንም ሚስቴንም የገደልኩ እኔ ነኝ» እያለ ኖረ፤ በተናገረው ቁጥር ሰዉ እጁን ይስመዋል። የልጅ ልጁ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን እሱንም አስቀምጦ ነገረው። ጎልማሳው ጉልበቱን ሳመው፤ «አያቴ፣ እንዳንተ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል! እስከ ዛሬ ጥፋቷን ትሸፍንላታለህ?» አለው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረም።

የዚያ ዘመን ዜና ጸሐፊዎች ስለ ከተማይቱ ጥቂት ጽፈዋል፤ ጠላት ከሁለት አቅጣጫ መጣ ይላሉ፤ ሻለቃውም ጀግና ነበረ ይላሉ፤ የሚስቱን ጥፋት በራሱ ላይ የወሰደውን ባል ግን አብልጠው ያነሡታል፤ አደባባዩም «የታማኙ ባል አደባባይ» ተብሏል። ዓይኒቱ የት እንደተቀበረች የሚያውቅ የለም። በምሥራቁ በር ወጥተው የተረፉት ብዙ ነበሩ፤ ወልደው ከብደው የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ያተረፋቸው ትንሹ ደወል መሆኑን ልቡናቸው የነገራቸውም ነበሩባቸው። ነገር ግን በዚያ ዕለት ማማው ላይ እነሱም ወጥተው፣ ቀሚሷን ከያዙት እጆች መካከል የነሱም እጅ ነበረና፣ አንዳቸውም ሳይናገሩ ሞቱ።