ያነበበችላት ደብዳቤ

ጥቅሻ የሞተችው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቃ ነው። ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። የመመረቂያ ጥናቷ ስክሪን የተማሪን ዓይን እንዴት እንደሚያደክም ስለነበር፣ ያገኘችውን ሁሉ «ዓይንህን ጨፈን ገለጥ አድርግ እንጂ፣ ይደርቅብሃል!» እያለች መድረሻ ታሳጣ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የባሰው የእሷው ሆነ። የአራት መቶ ተማሪ መጠይቅ ኮምፒውተር ላይ ስትመዘግብ ከርማ፣ ስክሪን ባየች ቁጥር ራሷን ይፈልጣት፣ እንባዋም ይወርድ ጀመር።

ንባብ ክፍሉ ውስጥ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፑ ክፍት ነበር። «ዓይኔም ጥናቴም አልሆነልኝም። ይቅር በሉኝ» ይላል።

መርማሪዋ መነፅሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰው ሲዋሽ የማታቋርጥ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ አየችው። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፤ ፊደሉ ደቃቃ ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትጽፈው?» ብላ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠየቀቻት።

«ኧረ እሷ! ፊደሉን አውራ ጣቴን አሳክላ፣ ብርሃኑን አደብዝዛ ነው እንጂ። በየሃያ ደቂቃው ደግሞ ስልኳ ይጮህና በረንዳ ወጥታ ያንን የውሃ ታንከር ታያለች። ሩቅ ማየት ዓይን ያሳርፋል ትል ነበር።»

«ዛሬስ ማን አብሯት ነበር?»

«ተማሪው ፈተና ላይ ነው፤ እኔም ታች ነበርኩ። ጠዋት ብቻ አንድ ደብዳቤ አሳተመችኝ። ‹ጥናታችን ውድቅ የሆነበትን በትልቁ አትሚልኝ፣ ጥፋቴን በዓይኔ ልየው› አለችኝ። ስሰጣት ፊቷ ልውጥ አለ።»

«ምን ይል ነበር?»

«እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም።»

ወረቀቱ ከሟቿ ኪስ ተገኝቶ ነበር። መርማሪዋ አነበበችውና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው የጥቅሻ ወንድም ከነደንብ ልብሱ መጣ። ተሳፋሪ ጭኖ ሳለ ነው የተደወለለት።

«እናቴ ‹ራሷን ነው ያጠፋችው?› ስትለኝ ምን እላታለሁ? ትናንት ‹ዓይኔ አላሠራኝም› ስትለኝ ‹ታዲያ ቢቀርስ!› አልኳት። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«እስከ ከሰዓት ታገሠኝ፣ ወንድሜ። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋስ?»

«እሷማ እህቴ በሏት። ሦስት ወር ሙሉ እያነበበች ዓይን ሆናላታለች።»

የጥቅሻ አማካሪ መምህር በዚያው ደቃቃ ፊደል የታተመውን የስንብት ጽሑፍ ከመርማሪዋ ሲቀበሉ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ተስፋ ቆረጡ። «መነፅሬን ከትናንት ጀምሮ እያስጠገንኩ ነው። ሁለቱ ልጆች ጥናቱን ለመጽሔት ልከናል ብለውኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።»

ጓደኛዋ ፊቷ በልቅሶ አብጦ ገባች። ራሷን አሟት ዶርም ተኝታ እንደነበር ተናገረች። መርማሪዋ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች።

«ልጄ፣ የእናንተ ግቢ ዓይኔን ጨረሰው። ይኼ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ እስቲ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለች። «‹ጥናታችሁን ልንቀበለው አለመቻላችንን ስንገልጽ እናዝናለን› ይላል።»

«ሌላስ?»

«በቃ።»

«ተባረኪ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ንባብ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ስንብቱን የጻፈችው እሷ አይደለችም» አለች። «በዚህ ፊደልና በዚህ ብርሃን አንድ መስመር አትዘልቅም። የጻፈው ሰው ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ለራሱ አመቻችቶ መመለሱን ረሳ። የይለፍ ቃሏንም ያውቃል። መምህሩ ይህን ፊደል አያዩትም። ወንድሟ መሪ ላይ ነበር።»

«እኔ ቀረሁ ማለት ነው?» አለች ጓደኛዋ።

መርማሪዋ መነፅሯን አጠለቀች። «ደብዳቤውን ሳላነበው አልሰጠሁሽም፣ ልጄ። ‹ጥናትዎን በደስታ ተቀብለናል› ነው የሚለው። የጸሐፊው ስም ያንቺ ብቻ። በእሷ ላፕቶፕ ኢሜይልሽን ከፍተሽ ሳትዘጊው ቀረሽ፤ እሷም ደብዳቤውን አግኝታ አሳተመችው። ለእኔ ያነበብሽልኝ ለእሷ ያነበብሽላትን ነው።»

«ምን ማስረጃ አለዎት?»

መርማሪዋ የሟቿን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ያነበብሽላትን ሁሉ ተኝታ ለመስማት ትቀዳው ነበር። አንቺ የምትቀዳው ጥናቱን ብቻ መስሎሽ ነበር።»

የጓደኛዋ ድምፅ ለስለስ ብሎ ክፍሉን ሞላው። «…ልንቀበለው አለመቻላችንን…» ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። «አይዞሽ የኔ እህት፣ እኔ አለሁልሽ። በይ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ወንድምየው ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።

«ለመምህሩ ልነግር ነው አለችኝ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ስልኳ ጮኸና እንደ ልማዷ በረንዳ ወጣች። ያን ሁሉ ካወቀች በኋላ እንኳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።»

«አምናሽ ነበራ!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ።

የእሱም ስልክ ጠራ። እናቱ ናት። አነሣው።

«እማዬ፣ ራሷን አላጠፋችም።» ሌላውን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀደመችው።

የእናትየው ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

«ተመስገን። ያቺ ታነብላት የነበረችው ልጅስ፣ አጠገብህ አለች? አደራህን፣ ብቻዋን እንዳትተዋት።»