አይሱዙ ላይ የተለቀሰ ለቅሶ

ለዋጋነሽ የደረሳት የሬሳ ድርሻ ነበር። የሬሳ! ከአስኮ እስከ ቆሼ በምላሷ የምትታወቀውን ሴት፣ ማህበሩ ድራማ እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ቃል የማይወጣበት ድርሻ ፈልጎ ፈልጎ ሰጣት።

ማህበሩ የጤና መድን ወኪሎች ማህበር ነው። ወኪል ማለት ጃንጥላውን ይዞ ከበር በር እየዞረ፣ «ሳትታመሙ ተመዝገቡ፤ የታመማችሁ ቀን መታወቂያችሁን አሳይታችሁ ትታከማላችሁ» እያለ ሰው የሚያስመዘግብ ነው። ዋጋነሽ ፊደል አልቆጠረችም። ቅጹን ሌላ ሰው ይሞላላታል፤ በሩን የምታስከፍተው ግን እሷ ናት። ሰው የሚመዘገብላት መድኑን ወዶ ሳይሆን ምላሷን ፈርቶ ነው ይሏታል። ይበሏት። የሰፈሩ ውሻ እንኳ ሌላውን ወኪል ሲያባርር ውሎ እሷ ስትመጣ ከአጥሩ ሥር ይገባል።

የወሩ ስብሰባ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ነበር። አጀንዳው የንቅናቄ ሳምንት፦ አይሱዙ ተከራይቶ፣ ሞንታርቦ ተጭኖ፣ በየሰፈሩ ድራማ ሊታይ ነው። ጸሐፊዋ አልፊያ ስም ስታነብ ዋጋነሽ ከፊት ወንበር ላይ ተኮፍሳ ተቀምጣለች።

«ባል፣ መምህር ገብረአምላክ። ወኪል፣ ማርቆስ። ሚስት...» አልፊያ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። «ሚስት፣ እትዬ ዋጋነሽ።»

«ምን ምን እላለሁ?»

«ምንም አይሉም እትዬ። መጋረጃው ሲከፈት ሞተዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አበበች፣ ያቺ የሳንሱሲዋ ወኪል፣ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ዋጋነሽ ብድግ አለች። «ይሄን የጻፈው ማነው?»

ማን እንደጻፈውማ ታውቃለች። መምህር ገብረአምላክ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ሚስቱ ሞታበት ከሴት ልጁ ጋር የሚኖር፣ ክረምት ከበጋ ከረባት የማያወልቅ። በስብሰባ ላይ አፏን በከፈተች ቁጥር «ከአጀንዳ ውጭ ነው» የሚላትም እሱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ከረባቱን እየነካካ። «ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ቃለ ተውኔቱ ረዘም ይላል። በጽሑፍ ስለሆነ፣ ለእርስዎ እንዳይከብድ ብለን ነው።»

«እንዳይከብደኝ ገደሉኝ?»

«ድራማ ነው እኮ።»

«ማንበብ ያልቻለ ሁሉ ሬሳ ነው ይበሉና ይገላግሉን! እኔ ያስመዘገብኩት ሰው ቢሰለፍ መርካቶ ይደርሳል። እርስዎ ያንን ማነቂያ አንገትዎ ላይ አስረው በር ሲያንኳኩ፣ ሰው የፍርድ ቤት መጥሪያ የመጣበት መስሎት በጓሮ ይወጣል!»

«ይሄ ከአጀንዳ ውጭ...»

«አጀንዳዎን ይብሉት!»

ጥላቸው ልትሄድ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ፣ አበበች «ችግር የለም፣ እኔ እሞታለሁ» ስትል ሰማቻት። ዋጋነሽ ዞረች።

«ቁጭ በይ! እኔ እያለሁ አንቺ አትሞቺም።»

* * *

የመጀመሪያው ቀን አስኮ ታክሲ ተራ ሆነ። የአይሱዙዋ ጎን ተከፍቶ መድረክ ተሠራ። ዋጋነሽ ፍራሽ ላይ ተጋደመች፤ ጋቢ እስከ አገጯ ጎተቱላት። ሬሳ ዓይን አይገልጥምና የቀራት ጆሮዋ ብቻ ነው።

ድራማው ቀላል ነው። ባልየው «ለከርሞ እንመዘገባለን» ሲል ሲል ሚስቱ ታማ፣ ማሳከሚያ አጥቶ ትሞትበታለች። አስከሬኗ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ከዚያ ማርቆስ ማይኩን ይዞ ብቅ ይልና፣ «ወገኖቼ፣ መድን የሚገባው ሳይታመሙ ነው!» ይላል።

ለቅሶው ደረሰ። መምህሩ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ወይኔ ባለቤቴ» አለ፣ ተማሪ ስም እንደሚጠራ። «ምነው ጥለሽኝ ሄድሽ። ቀድሜ ባስመዘግብሽ ኖሮ።» አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ይተነፍሳል።

ሰዉ መንጫጫት ጀመረ። ዋጋነሽ በጋቢው ሥር ጥርሷን ነከሰች። መሞቱስ ይሁን፤ እንዲህ ተለቅሶላት ትቀበር? እጇን አሹልካ ባቱን ቆነጠጠችው።

«አልቅስ እንጂ፣ አንተ ግንድ!»

«ኧረ ሬሳዋ ተናገረች!» ብሎ ጮኸ አንድ የታክሲ ረዳት። አስኮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማርቆስ ስለ መድን ያለውን የሰማ ሰው አልነበረም።

ከአይሱዙዋ ኋላ ተፋጠጡ።

«አዋረዱኝ ወይዘሮ ዋጋነሽ! ሬሳ ይቆነጥጣል?»

«አልቃሽ ካጣ ምን ያድርግ! ሚስትዎ ሲሞቱም እንዲህ እያነበቡ ነው ያለቀሱት?»

ቃሉ አንዴ ካፏ ወጣ። የገብረአምላክ ፊት አመድ መሰለ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም።

«አላለቀስኩም» አለ።

«ምን?»

«ድንኳኑ ያስተማርኳቸው ልጆች ሞልተውበት ነበር። ሁሉም እኔን እኔን ያያሉ። ‹በርታ መምህር› ሲሉኝ ‹በርትቻለሁ› አልኩ። ለእሷ አንድ ቃል አላወጣሁም። በሕይወት ሳለችም አላወጣሁ፣ ሞታም አላወጣሁ።»

የዋጋነሽም ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ከማለት ያላለፈ ሰው ነበር። እንዳትከፋ እንኳ አመሻሹ ላይ «ደከመሽ?» ብሏት አያውቅም። ሲሞት ግን ለቀስተኛው «የፍቅር ሰው ነበር» አለለት፤ እሷም ጥቁሯን ለብሳ ቆማ ሰማች። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገን።

«ወረቀቱን ይተዉት» አለችው በመጨረሻ፣ ድምጿን ሳታለሰልስ። «በወረቀት የተለቀሰ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። በሚያውቁት ነገር ያልቅሱ።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ከዚያ በፊት ከከረባቱ በላይ ያለውን ፊት ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

* * *

በማግስቱ ሳንሱሲ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ዋጋነሽ ተጋድማ የወረቀት ኮሽታ ጠበቀች። አልሰማችም። የሰማችው ጉልበቱ ጣውላው ላይ ሲያርፍ ነው። አልፊያ ከታች «መምህር፣ መምህር፣ የእርስዎ ተራ ነው» እስክትል ድረስ ዝም አለ።

«አንቺ» አለ።

ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚላት ሰው ነው። ድራማ ነውና «አንቺ» ማለት ተፈቀደለት።

«አንቺ... እንግዲህ ማን ይቆጣኛል? ሰው ሁሉ ‹መምህር፣ መምህር› እያለ ሲያስተኛኝ፣ ማነቂያህን ፍታ የምትለኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሐምሌ ላይ፣ ከአዳራሹ ማዶ ላለችው አራስ ጃንጥላሽን ሰጥተሽ፣ ዝናብ አጥቦሽ ስብሰባ ገባሽ። ‹ጃንጥላዬ ጠፋብኝ› ብለሽ ዋሸሽ። በመስኮት አይቼሽ ነበር። አይቼሽ ሳለ፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ‹አረፈዱ› አልኩሽ። ስትቆጪ ግራ ቅንድብሽ ይነሳል። እሱን ለማየት ስል ነው እኮ ሁልጊዜ ‹ከአጀንዳ ውጭ ነው› የምልሽ። ተነሺ! ተነሺና ተቆጪኝ እንጂ!»

መጀመሪያ ለሟች ሚስቱ የሚያለቅስ መስሏት ነበር። ጃንጥላው ሲነሳ ግን ለማን እንደሚያለቅስ ገባት። ከተከደነ ዓይኗ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ሬሳ እንባ አይጠርግም፣ ዝም ብላ አቀረችው። ከታች ሳንሱሲ በሙሉ ይነፋረቃል። አበበች እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ወትፋለች። ያን ቀን ለመመዝገብ የተሰለፈው ሰው አይሱዙዋን ዞሮ አስፋልቱ ደረሰ።

ስትወርድ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው። መሬት ከረገጠችም በኋላ አልለቀቀችው፤ እሱም አልለቀቃትም። ካፊያው ጀምሯል፣ ሁለቱም ጃንጥላ አልያዙም።

«አባዬ!»

እፀገነት ናት፣ ልጁ። ከሥራ ስትመለስ ሰው ተሰብስቦ አይታ ቆማ ነበር።

«እናቴን ስትቀብር አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣህ ሰውዬ፣ ዛሬ ለማን ነው እንዲህ የምትሆነው? በአደባባይ!» ወደ ዋጋነሽ ዞረች። «እርስዎስ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?»

ዋጋነሽ ለልጅቷ የሚሆን መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። የፈለገችው የእሱን መልስ ነው። ወደ አፉ አየች።

ጣቶቹ ከእጇ ሾልከው ወጡ።

«ድርሰት ነው እኮ ልጄ» አለ ገብረአምላክ። «የፈጠራ ድርሰት ነው። ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ደህና ይዋሉ።»

ድርሰት! ዋጋነሽ ታክሲ ሳትይዝ፣ ካፊያው እየወረደባት፣ እስከ ኮልፌ በእግሯ ሄደች። በልጅቷ አልተናደደችም፤ የእናቷ ነገር ነው፣ ትናገር። እሱ ግን! ውሸቱን እውነት ነው የሚል ወንድ ሞልቷል፤ እውነቱን ውሸት ነው ብሎ የካደ ግን እሱን አየች። ባሏ ቃል አልሰጣትም፤ ይሄኛው ሰጥቶ ነጠቃት። የቱ ይከፋል?

* * *

የመዝጊያው ቀን ቆሼ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ዋለ። የወረዳው ሹሞች ከፊት ወንበር ተደርድሮላቸዋል። ማህበርተኛው ነጭ ቲሸርት ለብሶ ጥላ ፍለጋ ይጋፋል። እፀገነትም አለች፤ ከአይሱዙዋ ሥር እጇን አጣምራ ቆማለች፣ አባቷን ልትጠብቅ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ እንደ ሳንሱሲው ይሁንልን» አለቻት አልፊያ።

«እኔማ ሬሳ ነኝ። ሬሳ አንድ ዓይነት ነው። ለአልቃሹ ንገሪው።»

ተጋደመች። ጋቢው ወረደ። ነፋሱ የቆሻሻውን ክምር ሽታ ይዞ ከአናቷ በላይ አለፈ። ጆሮዋን አቆመች።

ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

«ወይኔ ባለቤቴ» አለ ገብረአምላክ። «ምነው ጥለሽኝ ሄድሽ። ቀድሜ ባስመዘግብሽ ኖሮ።»

አሁን ይተወዋል፣ አለች በልቧ። አሁን። ሰዉ ማዛጋት ጀመረ። አንዱ ሹም ስልኩን አወጣ። መምህሩ ወረቀቱን ገለበጠ።

ዋጋነሽ ተነሳች።

ጋቢውን ወርውራ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ የፊት ወንበረተኞች ወንበራቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዲት ሴትዮ አማተበች። «ቢስሚላህ!» ብሎ የጮኸም አለ።

«እትዬ፣ ገና አላለቀም!» አልፊያ ከታች ልታለቅስ ደረሰች።

«ለእኔ አለቀ! አልሞትም ብያለሁ። ከእንግዲህ ሬሳ ያማረው ማህበር አበበችን ይጠይቅ።» ከማርቆስ እጅ ማይኩን መነጨቀች። ሞንታርቦው ሲጥ ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ፀጥ አለ።

ወደ ገብረአምላክ ዞረች። ግራ ቅንድቧ ተነስቷል። እሱም አየው።

«መምህር፣ በየስብሰባው የሚያስተምሩን እርስዎ ነዎት። ‹መድን የሚገባው ሳይታመሙ ነው፤ አልጋ ከያዙ በኋላ ቢሮጡ የሚመዘግብዎ የለም› ብለው። ፊደል ባልቆጥርም ይቺን በቃሌ ይዣት ስንቱን በር አንኳኩቼባታለሁ። ታዲያ ደግ ቃል ሲሆን ለምንድን ነው ሬሳ የሚጠብቀው? አንዷን ሳይነግሯት ቀበሯት። እኔንም ጋቢ አልብሰው ነገሩኝ፤ ጋቢው ሲነሳ ካዱኝ!»

ዋጋነሽ ጎንበስ ብላ ወደ እፀገነት አየች። ድምጿ ትንሽ ወረደ፤ ትንሽ ብቻ።

«የእናትሽን አልወስድብሽም ልጄ። ለእናትሽ አልቅስላት በይው፤ ያለቅሳል፣ እኔም ካጠገብሽ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ይሄኛው ግን የእኔ ነው። የእኔ በቁሜ ነው።»

እፀገነት ዋጋነሽን አየች፣ አባቷን አየች። የተጣመረው እጇ ቀስ ብሎ ተፈታ። ወደ አይሱዙዋ ተጠጋችና ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች።

«አባዬ፣ ወረቀቱን ስጠኝ።»

ሰጣት። ባዶ እጁን ቀረ። ምን እንደሚያደርግበት ጨንቆት ወደ ከረባቱ ሊወስደው ሲል፣ ዋጋነሽ ማይኩን አፉ ላይ ደቀነችው።

«በል እንግዲህ» አለችው፣ አንቱታውን ከጋቢው ጋር አውልቃ ጥላ። «የሳንሱሲውን አንድም ሳታስቀር ድገመው። ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ ጮክ ብለህ፣ አበበችም ትስማ!»