የጉም በር ማደሪያ

ባሕር ተሻግረው የመጡት ናርቆች ዘንበራን በገዙበት ዘመን፣ በጉም በር አፋፍ ላይ መንገድ ቀደው፣ መንገደኛ የሚያድርበትና ጠጅ የሚጠጣበት የድንጋይ ቤት ሠሩ። ድል ተመትተው ሲወጡ ቤቱ ባዶውን ቀረ። ቀረ ተባለ እንጂ፣ እሳት የሚያነድ ሰው ሳይኖር ጭሱ አንድም ቀን አልተቋረጠም! የገባ መንገደኛም አልወጣም።

የትርንጎ ታላቅ ወንድም፣ ደርሶ የሚባለው፣ ገብተው ከቀሩት አንዱ ነበር። እናት አባት የሌላት ልጅ ናት፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ጦሯን አነሣች። ናርቆችን የተዋጉት ሽማግሌው አዛዥ ጎበዜም ተከተሏት።

«ልጄ፣ የአባቶች ትንቢት አለ፤» አሏት ዳገቱ ላይ። «የቤቱ ጌታ የራሱን ጠጅ የጠጣ ዕለት ቤቱ ይፈርሳል። በዚያ ቤት የማለ ግን መሐላው ይደርስበታል። አደራሽን፣ ምንም ቢሰጡሽ እንዳትቀምሺ!»

«እርስዎም አይቅመሱ።»

«እኔማ ምን ቆርጦኝ!»

በሩን ሲገፉት፣ ጉም በሞላው አዳራሽ የተቀመጡት እንግዶች ባንድነት ብድግ አሉ። «ኖር!» አሉ። ዓይናቸው ግን አይርገበገብም። ደርሶም በመካከላቸው ነበር፤ ጢሙ አድጎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እህቱን አላወቃትም።

ከጋኖቹ ጀርባ የቤቱ ጌታ ባርዶ ብቅ አለ። ከሞተ ስንት ዘመኑ! ከዘንበራ ቋንቋ አጥርቶ የተማረው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ብርሌውን ለአዛዥ ዘርግቶ፣ «በሞቴ!» አለ።

በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል የዘንበራ ሰው ገና አልተወለደም። ጦር ያልበገራቸው አዛዥ ጎበዜ ይሉኝታ ይዟቸው ብርሌውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጨለጡት። ወዲያው እንደ ግንድ ደርቀው ተቀመጡ። አይ ይሉኝታ፣ ስንቱን አስቀረሽው!

ትርንጎ ጦሯን ወረወረች። ጦሩ በባርዶ ደረት አልፎ ግድግዳውን ወጋ፤ እሱ ግን ፈገግ እንዳለ ብርሌውን ሞልቶ ዘረጋላት። «በሞቴ!»

ያን ጊዜ ገባት። ሁሉን ያሰረባት ቃል እሱንም ታስረዋለች፤ ሲጋብዝ ኖረ እንጂ እሱን የጋበዘ ሰው አልነበረም። ወንድሟን አየች። ፈራች፤ መኖር ትፈልግ ነበር። ብርሌውን ተቀብላ መልሳ ዘረጋችለት።

«ጌታው፣ እርስዎ ይቅደሙ። በሞቴ!»

ባርዶ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ እጁ ግን ታዘዘ። ጠጣ። ምሰሶው ጮኸ፣ ጉሙ ተገፈፈ፣ ከባርዶ የተረፈው መሬት ላይ የተንከባለለ ብርሌ ብቻ ሆነ። እንግዶቹ ዓይናቸውን እያሹ ወደ በሩ ተጋፉ።

«ትርንጎዬ! አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ደርሶ።

«ልወስድህ መጣሁ ነዋ! አዛዥን ደግፈህ ውጣ፣ ጣራው ሊወድቅ ነው።»

«ነይ እንጂ!»

እግሯን ልታነሣ ሞከረች። ከጉልበቷ በታች በርዶ ነበር፤ በሞቷ የማለችው መሐላ ደርሶባታል።

«ቅደም፣ እከተልሃለሁ፤» አለችው። ወንድሟን ዋሽታው አታውቅም፤ አመናት።

ዛሬ በዘንበራ ገበታ ላይ «በሞቴ» የሚል የለም። እንግዳ ሲግደረደር «በትርንጎ!» ይባላል፤ ሰውም ይጠጣል። ደርሶ ብቻ ብርሌውን አስቀምጦ ወደ ደጅ ይወጣል።