ቺንጋው ደህና ነበር

ሟቹ ከትንሿ አውሮፕላን አፍንጫ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ከአንገቱ የወረደው ደም የሰማያዊ ቱታውን ግራ ደረት አርሶ ሲሚንቶው ላይ ረግቷል። ከበላዩ ውልብልቢቱ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሁሉ፣ ጸጥ ብሎ ቆሟል።

ዋና መካኒክ ነበር። በዚያ የበረራ ድርጅት ውስጥ ግን በማዕረጉ የጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ቺንጋ» ነበር የሚለው። ቺንጋ ሞተሩ ሲዞር ዲናሞውን አብሮ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው፤ ዲናሞው ደግሞ ለባትሪው፣ ለመብራቱና ለሬዲዮው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ባትሪ ደከመ ቢሉት፣ መብራት ፈዘዘ ቢሉት፣ ሚስቱ እንኳ ቤት ሆና «ልብስ ማጠቢያው እምቢ አለኝ» ብትለው፣ «መጀመሪያ ቺንጋውን እንየው» ሳይል እጁን አይሰነዝርም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ፖሊሱ። «ቁልፉ ማስነሻው ላይ ተሰክቶ፣ በርቶ ነው የተገኘው። ሳያጠፋው ውልብልቢቱን በእጁ አዞረ። ሞተሩ ከጠዋት በረራ ገና ትኩስ ነበር፤ ተነሣና መታው። አለቀ።»

«ለምን አዞረው?» አለች መርማሪዋ።

«ቺንጋውን ዙሪያውን ለማየት ነዋ! ውልብልቢቱ ሲዞር እሱም ይዞራል።»

«ቁልፉ በርቶ እያለ ለምን?»

«ረሳዋ! ሰው አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

የአውሮፕላን አደጋ መርማሪ ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ተንበረከከችና የሟቹን የደረት ኪስ በሁለት ጣቷ ገለጠች። የኪሱ ክዳን አዝራር ተፈትቷል። ውስጡ በደም ጨቅይቷል፤ መሐሉ ላይ ግን ደም ያልነካት አንዲት ነጭ ቦታ አለች፤ ባንድ ወገን ክብ፣ በሌላው ወገን ቀጭን። ፎቶ አነሣቻትና ተነሥታ ቆመች።

ከሃንጋሩ በር ላይ የሟች ሚስት ትጠብቃት ነበር። አላለቀሰችም፤ ቁጣው እንባዋን ቀድሞታል።

«ረስቶ ነው አሉኝ። የኔ ባል አምፖል ለመቀየር እንኳ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ የሚከት ሰው ነው። ‹ውልብልቢት ፊት የሚቆም፣ ቁልፉ በራሱ ኪስ ይሁን› እያለ ስንቱን መካኒክ አስተማረ! ዛሬ በቸልተኝነቱ ሞተ ተብሎ ይቀበርልኝ? ሞቱን እችለዋለሁ። ይህን ግን አልችልም።»

«ቁልፉ ሁልጊዜ የትኛው ኪሱ ነው የሚሆነው?»

ሚስትየዋ እጇን ግራ ጡቷ ላይ አደረገች። «እዚህ። አዝራሩን ዘግቶ። አዝራሮቹን የምተክልለት እኔ ነኝ።»

የድርጅቱ ባለቤት መርማሪዋን በመስታወት ክፍሉ ተቀበላት። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ እጆቹ ግን መቀመጫ አጥተው ከጠረጴዛው ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ አንገቱ ይዘዋወራሉ።

«ነፍሱን ይማረው፤ ጥሩ ሰው ነበር። ዕድሜ ነው፣ እትዬ። ዕድሜ ያስረሳል።»

«መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«‹ጓ!› የሚል ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ። ወድቆ አገኘሁት። አልነካሁትም፤ የሞተ ሰው እንደማይነካ አውቃለሁ።»

«መሞቱን ሳይነኩት በምን አወቁ?»

ባለቤቱ ውሃ ጠጣ። «ያስታውቃል» አለ።

አብራሪዋን ከሃንጋሩ ውጭ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዐይኗ አባብጧል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ጀመረች ገና ሳትጠየቅ። «ጠዋት አየር ላይ እያለሁ የኤሌክትሪክ መለኪያው መርፌ ወረደ። ዲናሞው ሥራ አቁሞ ሁሉም ነገር ባትሪው ላይ ወደቀ ማለት ነው። ተመልሼ ለጋሼ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ኖሮ መች...»

«ሌላ ብልሽት አልነበረም?»

«ሬዲዮው ውስጥ ይንጣጣ ነበር።»

«ዲናሞውን ስታጠፊው መንጣጣቱ ቆመ?»

«አልቆመም።»

«ይህንንስ ለጋሼ ነገርሻቸው?»

«የት ያስጨርሳሉ! ‹መርፌው› ስላቸው ‹ቺንጋ ነው፤ ከምሳ በኋላ አየዋለሁ› ብለው ሄዱ።» ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «ለአማቻቸው ነው የነገርኩት። የልጃቸው ባል የኛው ኤሌክትሪሻን ነው፤ እሱ ሰው ያስጨርሳል።»

መርማሪዋ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወደተመቱት ሦስት ምስማሮች ዞረች። ሁለቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው።

«እነዚህ ጨርቆች ለምንድን ናቸው?»

«የጋሼ ሕግ ነው። ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ ማጥፊያ ሽቦ አለው፤ እሱን የፈታ ሰው ውልብልቢቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ሽቦው ከተፈታ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ቢሆንም ሞተሩ አይተኛም። ጨርቅ ያየ አይነካም።»

«ጋሼ ሲወድቁ ማን ማን ነበር?»

«እኔ ስደርስ አለቃችን አጠገባቸው ተንበርክኮ እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ ነበር። የልብ ምታቸውን የሚያዳምጥ መሰለኝ። አማቻቸው ከዕቃ ግምጃ ቤት ሮጦ መጣ። ከዚያ እኔ አምቡላንሱን ልቀበል ወደ በሩ፣ አለቃ ወደ ስልኩ ሄድን።»

«አማቻቸው ብቻውን ቀረ።»

«ብቻውን። ከሳቸው ጋር» አለች አብራሪዋ። ቀጥላም ስልኳን አወጣች። «ደግሞ ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ እዚያው ቆመን እንስቅ ነበር! አለቃ ‹ለማስታወቂያ ፎቶ አንሺኝ› አለኝ። ‹ጥንቃቄያችን ለእናንተ ነው› የሚል ሊያስጽፍበት።»

ፎቶው ላይ ባለቤቱ የሞተሩ ኮፈን ተከፍቶ ውልብልቢቱን ተደግፏል፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። መርማሪዋ ምስሉን በጣቶቿ አጎላችው። ወደ ባለቤቱ ፊት ግን አላየችም፤ ዐይኗ የፊት ጎማው ላይ ቆየ።

አማቹ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ለመሥራትም ለመሄድም ያልቻለ ሰው አቋቋም። መርማሪዋ ከቦርሳዋ ረዥም እጀታ ያላት ትንሽ መስታወት አውጥታ ከሞተሩ ጀርባ ሰደደቻት። ጋሽ ቺንጋ ያጠበቀውን እያንዳንዱን ዳዶ በቢጫ ቀለም መስመር ያሰምርበት ነበር፤ ዳዶው ከተነካ መስመሩ ይሰበራል። መስታወቱ ውስጥ መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለዋል። በማግኔቶው ማጥፊያ ሽቦ ላይ ያለው ግን ተሰብሯል።

«ዲናሞው ምን ሆኖ ነው?»

«ቀጭኗ ሽቦ ጫፏ ላይ ተበጥሳ ነበር። ሠራኋት።»

«መቼ?»

«ከምሳ በፊት።»

«ማግኔቶውንስ ነካኸው?»

«አልነካሁትም» አለ አማቹ፣ የገዛ እጆቹን እያየ።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪዋ ፖሊሱን ይዛ አራቱንም ከአውሮፕላኗ ፊት ሰበሰበቻቸው። ደሙ ታጥቧል፤ ሲሚንቶው ግን ገና አልደረቀም። ሚስትየዋ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም።

«ከኪሱ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «የሟቹ ኪስ በደም ርሷል፤ ደም ያልደረሰባት አንዲት ቦታ ብቻ አለች። ቅርጿ የቁልፍ ነው። ደሙ ሲፈስ ቁልፉ እዚያ ነበር ማለት ነው። የዚህ ሞተር ቁልፍ ደግሞ ወደ ማጥፊያው ካልዞረ ከማስነሻው አይወጣም። ስለዚህ ሟቹ አልረሳም። አጥፍቶ፣ ነቅሎ፣ ኪሱ ከትቶ፣ አዝራሩን ዘግቶ ነው ውልብልቢቱ ፊት የቆመው።»

ሚስትየዋ ዐይኗን ጨፈነች።

«ታዲያ ቁልፉ እንዴት ማስነሻው ላይ ተገኘ? ከሞተ በኋላ አንድ ሰው አወጣው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው አልነካሁትም ብሎኛል፤ ሁለተኛዋ ግን እጁን ደረቱ ላይ አግኝታዋለች።»

«ልቡን ነው ያዳመጥኩት!» አለ ባለቤቱ።

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

የባለቤቱ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ። መርማሪዋም አልጠበቀችውም።

«ሟቹ በቁልፉ ካጠፋው ሞተሩ ለምን ተነሣ? ማጥፊያ ሽቦው ተፈትቶ ስለነበር ነው። ቢጫው መስመር ተሰብሯል፤ ሽቦው ግን አሁን ቦታው ላይ ነው። ሰው ፈታው፤ ሰው መልሶ አሰረው። ማን ነው ማግኔቶ የሚፈታ? የሬዲዮው መንጣጣት ዲናሞው ጠፍቶም እንዳልቆመ ያወቀ። ዲናሞው ካልሆነ ማግኔቶው ነው፤ ኤሌክትሪሻን ይህን አይስትም። አብራሪዋም የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረውም እሱ ነው።»

አማቹ ሳይጠየቅ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ» አለ። «ፈትቼው አዲስ ሽቦ ላመጣ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ስመለስ... ውልብልቢቱ ላይ ጨርቅ የለም። ያሰርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሲጠፋ ግን ረስቼ ነው አልኩ። ገደልኳቸው አልኩ። ሽቦውን መልሼ አሰርኩት። ቁልፉን ማስነሻው ላይ ሲያገኙትም ዝም አልኩ።»

«አልረሳህም» አለች መርማሪዋ።

የአብራሪዋን ስልክ አነሣች። «ይህ ፎቶ የተነሣው አደጋው ሊደርስ ሲል ነው። ውልብልቢቱ ላይ ጨርቅ የለም። የፊት ጎማው ላይ ግን አለ፤ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ንፋስ ጨርቅ አያጣጥፍም። ለፎቶው ያላማረው ሰው ፈትቶ አስቀመጠው፣ ፎቶው ሲያልቅም መልሶ አላሰረው። ፖሊስ ሲመጣ ጎማው ላይም አልነበረም። አለቃ፣ ጨርቁ የት ነው?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያየ፣ የባለቤቱን ፊት ያውቀዋል። አፉ ተከፈተ፤ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ሚስትየዋ አየ። ከዚያ እጆቹን አጣመረ።

«መሳቢያዬ ውስጥ ነው» አለ። «ልጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። መጥረጊያ ጨርቅ መስሎኝ ነው አልልም፤ ሕጉን አውቀዋለሁ። ለአፍታ ነው ብዬ ፈታሁት፤ ስልክ ተደወለልኝና ሄድኩ። ወድቆ ሳየው ገባኝ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣሁ፤ ወደ ስልኩ ስሄድ ማንም ሳያየኝ ማስነሻው ላይ ሰክቼ አበራሁት፤ ጨርቁንም ከጎማው አነሣሁ። እሱ ሞቷል፤ ስም ምን ያደርግለታል ብዬ...»

«ለእኔ ያደርግልኛል» አለች ሚስትየዋ።

ፖሊሱ ባለቤቱን ክንዱን ይዞ ወሰደው። አብራሪዋ ተከተለች፤ እያለቀሰች ስልኳን ቱታዋ ላይ ደጋግማ ትጠርግ ነበር። መርማሪዋ ቦርሳዋን ዘጋች። በሪፖርቷ ላይ «ሟቹ ጥፋት የለበትም» ብላ እንደምትጽፍ ለሚስትየዋ ነገረቻት፤ ሚስትየዋም እጇን ጨበጠቻት። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

አማቹ ግን ገና ከመሬቱ አልተነሣም።

«ተነሥ፣ ልጄ» አለች ሚስትየዋ። «ጨርቁን አስረህ ነበር። ዝም ማለትህ ክፉ ነው፤ ግን ድንጋጤ ነው። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«አይበሉኝ፣ እማማ። ገና አልጨረስኩም።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«ከምሳ ሲመለሱ በሩ ላይ ተገናኘን» አለ አማቹ። «‹ቺንጋውን አይተኸዋል?› አሉኝ። አይቼው ነበር። ቺንጋው ደህና ነበር። ዲናሞውንም ሠርቼ ጨርሻለሁ። አንድ ቃል ብላቸው ወደ ውልብልቢቱ ባልሄዱ። እኔ ግን ‹እርስዎ ይዩት› አልኳቸው።»

እትዬ ለምን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዋን ዋጠችው። የጠየቀችው ሚስትየዋ ናት።

«ለምን?»

«ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው ልክ። በሰው ፊት ‹አንተ ገመድ ቆጣሪ› ይሉኛል። ለፍተው፣ ምንም አጥተው፣ አንዴ እንኳ ‹ተሳሳትኩ› ሲሉ ልስማ ብዬ ነው። ጨርቁን ሲያዩ ውልብልቢቱን አይነኩም አልኩ። ይልፉ አልኩ፣ እማማ። ትንሽ ይልፉ አልኩ።»

ሚስትየዋ ፊቷን አዞረችበት። ቀስ ብላ ወደ አውሮፕላኗ ሄደች፤ እንደ ባሏ ደረቷን ዳበሰች፤ ቁልፍ እንደሌላት ትዝ ሲላት እጇን መለሰች።

«የቱ ነው ቺንጋው?»

አማቹ ከተቀመጠበት ሆኖ አሳያት። እሷም ባሏ ሲያደርግ እንዳየችው በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ትንሽ ገባ አለላትና ተመለሰ።

«ደህና ነው» አለች።

ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ በሩ አመራች። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፤ አላየችውም።

«ልጄ ቤት ናት፤ አባቷ እንዴት እንደሞተ ልትጠይቅህ ትጠብቅሃለች። እኔ አልነግራትም። አንተው ንገራት።»