ደረሰኝ ያላገኘው መልእክት

መሐንዲሷ ወድቃ የሞተችው ከቤተ ሙከራው ጣሪያ ላይ፣ ረጅሙ የሬዲዮ ምሰሶ ከቆመበት ነው። ሲያገኟት እርሳሷ ፀጉሯ ውስጥ እንደተሰካ ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስትወድቅ የሰማ እንጂ ያየ የለም። ለምሳ ሳይደርስ ግን ገዳዩ ተገኘ ተባለ፤ ባሏ ነው።

ባልየው የምሰሶ ጠጋኝ ነው። የጣሪያውን በር ቁልፍ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ሲሆን፣ ሌላው የቤተ ሙከራው ኃላፊ በዚያ ሰዓት ከሐይቁ ማዶ ባለው ጣቢያ ነበር። ባልና ሚስት በዋዜማው ተጨቃጭቀዋል። ባልየውም በገዛ አፉ «እኔ ነኝ የገፋኋት» ብሏል ተብሎ ቃሉ ተጽፏል። ሰው ለማሰር ሲሆን እንዲህ ይፈጠናል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ በማግሥቱ ስትመጣ፣ ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ወደ ወህኒ ሊወርድ ነበር። ቃሉን አነበበችለት።

«የገፋፋኋት ነው ያልኩት» አለ ባልየው። «ኃላፊዋ ሥራዋን በራሱ ስም አሳተመው። ጉባኤ ላይ ተናገሪ ብዬ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። ያጨቃጨቀንም ይኸው ነው።»

መርፌ አንዲት ፊደል የጎደለችበትን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተች። በጣም ተናዳ ነበር።

የዋናው ኮምፒውተር ተቆጣጣሪ ነገሩን አስረዳቻት። ጣቢያዎቹ ያለ ሽቦ፣ በአንድ ሞገድ ነው መልእክት የሚልኩት። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ከላኩ መልእክቶቹ ይጋጩና ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ ከዋናው ማሽን «ደረሰኝ» የሚል ምላሽ እስኪሰማ ያንኑ ይደግማል። እኩል ጠብቀው ቢደግሙ እንደገና ስለሚጋጩ የየጣቢያው ማሽን የሚቆይበትን ጊዜ በዕጣ ይመርጣል፤ አንዴ ሦስት ሰከንድ፣ አንዴ ዘጠኝ። በኃላፊው ስም የታተመው ሥራም ይኸው የዕጣ ዘዴ ነው። ይህን ለፖሊስ ነግራ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ማን ጠየቀኝ ብላ መለሰች።

መርፌ ዋናው ማሽን የደረሱትን መልእክቶች የመዘገበበትን ጥቅል ወረቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበች። ሐይቁን ዞራ ማዶ ያለውን ጣቢያም አየች። ከዚያ ሁሉንም በዋናው ማሽን ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባልየው በካቴና ታስሮ ቆሟል። የሟች እናት ፊታቸውን ከአማቻቸው አዙረው ተቀምጠዋል። ኃላፊው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ሰው ሞቶ እሱ ቀጠሮ አለበት።

«ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ማዶ ሆኜ ስጽፍ ነበር» አለ። «መዝገቡን እዩት። ማሽን ቢሆን በእኩል በእኩል ጊዜ ይልክ ነበር። እንዲህ የሚያዛንፈው የሰው ጣት ነው።»

«ፖሊሶቹም ሰዓቱን ብቻ ነው ያዩት» አለች መርፌ። «ዋናው ከጎኑ ያለው የመልእክቱ ቁጥር ነው። ከላይ እስከ ታች አሥራ ሰባት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የላኩት አንድ መልእክት ነው። የማዶውን ጣቢያ የመቀበያ ሽቦ ፈቱት። ማሽኑ ‹ደረሰኝ› ስላልሰማ ብቻውን ሲደጋግም እርስዎ በመኪና እዚህ መጥተው ተመለሱ። የሽቦው ብሎን ላይ ትኩስ ጭረት አለ። የዚያ ጣቢያ ቁልፍ ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

«ሽቦ በራሱም ይላላል።»

«ቁጥሩስ? በጣትዎ ቢጽፉ ኖሮ አሥራ ስምንት ይከተል ነበር። የሚያዛንፈው ዕጣው ነው። ዕጣውን ያሰበ ሰው ይህን ያውቃል። ሐሳቡ የእርስዎ ከሆነ አሁን እያወቁ ዋሽተውናል። ካልሆነስ የማን ነው?»

ኃላፊው ሦስት ዓመት የእኔ ነው ሲል የኖረውን ሥራ ለነፍሱ ሲል በአንድ ትንፋሽ ጣለው።

«የእሷ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ከየት አውቀዋለሁ?»

«ትናንት ጉባኤው ፊት ልትናገር የነበረውም ይህንኑ ነው» አለች መርፌ። «ሳትናገር ጣሪያ ላይ ወሰዷት። በሩን የሚከፍት ሁለት ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ ነበርኩ ለማለት የውሸት ማስረጃ የሠሩት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ካቴናው ከባልየው እጅ ተፈታ። እናትየዋ ተነሥተው አማቻቸው ትከሻ ላይ ግንባራቸውን አሳረፉ። ይቅር በለኝ ልጄ አሉት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ደርቋል። ፖሊሶቹ ኃላፊውን ይዘውት ሊወጡ ሲሉ እናትየዋ መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ድገመው» አሉት።

«ምኑን?»

«የማን እንደሆነ። ጮክ በል፤ ሁሉም ይስማህ።»